የእርጎ ቃና ከወዴት ይመጣል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ የሳይንስ ክበብ አባል)



የሳይንስ ክበባችን በዚህ የበዓል ቀን አንድ ንግግር እንዳሰማ ባዘዘኝ ጊዜ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ወይም ስለ ጨረቃ የምናገር መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ስለ እርጎ ለመናገር ፈቃድ ጠየቅሁ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ከበየዳ የመጣ ሰው ከገብስና ከወተት ሌላ ምን ያውቃል?» አሉኝ። ከበየዳ መምጣቴ እውነት ነው። ነገር ግን ስለ እርጎ መናገር የፈለግሁት አዋቂ ስለ ሆንሁ አይደለም። አንድ ጊዜ አውቃለሁ ብዬ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በባዮሎጂ ትምህርት ስለ ጀርሞች ተማርን። ጀርም በዓይን የማይታይ፣ በሽታ የሚያመጣ፣ በፈላ ውሃና በሳሙና የሚጠፋ መሆኑን በደብተሬ ጽፌ፣ በሰሙነ ሕማማት ጥቂቱን መንገድ በመኪና የቀረውን በእግሬ ሄጄ ከቤቴ ገባሁ። ላማችን በጾሙ ውስጥ ወልዳ ስለ ነበር ወተት ሞልቷል። አያቴም እንደ ልማዳቸው የፋሲካውን መግደፊያ እርጎ ሊያረጉ ቅላቸውን አጥነው አስቀምጠዋል። እርሳቸው ለስግደት ቤተ ክርስቲያን በዋሉበት ቀን እኔ ቅሉን አነሣሁና ውስጡን አየሁት። ጥቁር ነው። ጭስ ጭስ፣ አሮጌ ወተት አሮጌ ወተት ይላል። ይህማ የጀርም ቤት ነው አልሁ። በሳሙናና በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብሁት፤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ወተቱንም አፈላሁና ሲበርድ ገለበጥሁበት፤ ክዳኑን ገጥሜ ከቦታው መለስሁት። ለማንም አልነገርሁም። በፋሲካ ዕለት ልመሰገን አስቤ ነበር።

በሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን ቅሉ ሲከፈት እርጎ የለም። የወጣው ከላዩ ውሃ፣ ከሥሩ ጓል ጓል ያለ ነገር ነው፤ ሲቀምሱት እንደ እሬት ይመራል። አያቴ የቅሉን አፍ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱና «ይህን ቅል ማን ነው ያጠበው?» አሉ። «እኔ ነኝ እማማ፤ ጀርም እንዳያገኛችሁ ብዬ ነው» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፣ ቅሉን ገደልኸው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዶሮው ተበላ፤ ጠላው ተጠጣ፤ በዚያ ዓመት ግን በቤታችን ፋሲካ ያለ እርጎ ዋለ።

«ገደልኸው» ማለታቸውን እኔ የቁጭት ንግግር አድርጌ ወስጄው ነበር። በኋላ ግን የኬሚስትሪ መምህራችንን ጠይቄ፣ መጻሕፍትም አገላብጬ ስመለከት፣ አያቴ የተናገሩት ቃል በቃል እውነት ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ቅል ውስጥ የሚኖር ነገር ነበረ፤ እኔም ገድየዋለሁ።

የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ባክቴሪያ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ያህል ነው። ወተት ረግቶ እርጎ በሚሆንበት ጊዜ በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ፣ ይኸውም በጥቂት ጠብታ ውስጥ፣ ቍጥራቸው እስከ አንድ ቢሊዮን ይደርሳል። ወተት የሚኮመጥጠው በእነዚህ ሕያዋን ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1857 አስረዳ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተርም በ1870ዎቹ ከነዚሁ አንዱን ዓይነት ከሌሎቹ ለይቶ ብቻውን አሳደገ። በእኛም አገር ምሁራን እርጎን በላቦራቶሪ መርምረዋል። አልማዝ ጎንፋና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያን የረጉ ወተቶች በየአካባቢው አጥንተው በ2001 ጽፈዋል። በእርጎ ውስጥ የተገኙት ላክቶኮከስ፣ ሌውኮኖስቶክ፣ ላክቶባሲለስና ሌሎችም የተባሉ ናቸው። ስማቸው ለምላስ ይከብዳል፤ ሥራቸውን ግን ሁላችሁም ቀምሳችሁታል።

የፊተኛው ሥራቸው ማኮምጠጥ ነው። በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ ከ45 እስከ 50 ግራም የሚሆን ላክቶዝ የተባለ ስኳር አለ። ባክቴሪያዎቹ ከዚህ ስኳር እየተመገቡ ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ። ኮምጣጣነት በሚለካበት ፒ ኤች በተባለው ቍጥር ትኩስ ወተት 6.6 ያህል ነው፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ነገሩ እየኮመጠጠ ይሄዳል። ወደ 4.6 ሲወርድ ካዜይን የተባለው የወተት ፕሮቲን እርስ በርሱ ተያይዞ ይረጋል። ረጋ ስንል እርጎ ሆነ ማለታችን ነው፤ ስሙም የወጣው ከዚሁ ነው።

ነገር ግን መኮምጠጥና መርጋት ብቻውን እርጎ አያደርግም። ማስረጃው ቀላል ነው። በሞቀ ወተት ላይ ሎሚ ጨምቁበት፤ ይኮመጥጣል፤ ይረጋልም። ይህን ጠጥቶ «ምን ያለ እርጎ ነው!» የሚል ሰው ግን አይገኝም። ቃናው የለውማ። እንግዲህ ቅሉ ሲከፈት ቤቱን የሚሞላው፣ ጎረቤትን የሚጠራው ያ መዓዛ ከወዴት ይመጣል?

እኔን እጅግ ያስገረመኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። በወተት ውስጥ ከስኳሩ ሌላ ሲትሪክ አሲድ አለ፤ በሎሚ ውስጥ የሚገኘው ማለት ነው። በወተት ውስጥ ሲትሬት በሚባል መልክ ይገኛል፤ መጠኑም በሊትር ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም። መዓዛው የሚወጣው ግን ከዚሁ ከጥቂቱ ነው። ሁሉም ባክቴሪያ ሲትሬትን ሊጠቀምበት አይችልም። ይህ ችሎታ በተለይ ያላቸው ሌውኮኖስቶክና ከላክቶኮከስ ወገን አንዳንዱ ናቸው። እነዚህ ሲትሬቱን ወደ ሆዳቸው አስገብተው ደረጃ በደረጃ ይሰባብሩታል፤ መጀመሪያ ፓይሩቬት ይሆናል፤ ቀጥሎ አሴቶላክቴት ይሆናል፤ አሴቶላክቴቱም አየር ሲያገኝ ዲያሴቲል ይሆናል። ትኩስ ቅቤ ቅቤ የሚያሰኘው ይህ ዲያሴቲል ነው። በ1929 በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ ክላይፈርና ጓደኞቹ የቅቤን መዓዛ መርምረው ይህንኑ አስታውቀዋል። በአንድ ሊትር እርጎ ውስጥ ጥቂት ሚሊግራም ቢገኝ ለአፍንጫ ይበቃል። አንዲት ጨው የምታህል ቅንጣት ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። ሲትሬትን ወደ ውስጥ የሚያስገባው የባክቴሪያው በር በደንብ የሚሠራው ወተቱ መኮምጠጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ አኮምጣጮቹ ቀድመው ይሠራሉ፤ መዓዛ ሰጪዎቹ ይከተላሉ። ሲትሬቱ ሲያልቅ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ዲያሴቲሉን መልሰው አሴቶይን ወደ ተባለ ሽታው ደካማ የሆነ ነገር ይለውጡታል። እንግዲህ ቶሎ የተከፈተ እርጎ ገና ነው፤ የዘገየም መዓዛው ያልቃል፤ ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራል። አያቴ ቀን ሲቈጥሩ አይቼ አላውቅም። ጠዋትና ማታ ክዳኑን ከፈት አድርገው ያሸታሉ። «ገና ነው» ይላሉ፤ ወይም «ደርሷል» ይላሉ። ክዳኑ ሲነሣ «እፍ» ብሎ የሚወጣው አየርም የነዚሁ የሌውኮኖስቶኮች ሥራ ነው፤ ከአሲዱ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉና።

የአገሩም ቅዝቃዜ ነገር አለው። አጎቴ ከሊማሊሞ በታች በዛሪማ ይኖራል። በእርሱ ቤት ወተት ጠዋት ቢታለብ በማግስቱ ረግቶ ይገኛል፤ በእኛ ቤት ግን ከምድጃው አጠገብ ተሰቅሎ እንኳ ሦስትና አራት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ አጎቴ በመጣ ቍጥር «እናንተ እኮ ወተታችሁም እንደ እናንተ ይተኛል» ይለን ነበር። እኛ ግን የምንመልስለት አለን። መዓዛ ሰጪዎቹ የሚስማማቸው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነው፤ 20 ዲግሪ አካባቢ ደኅና ይሠራሉ። ሙቀት ሲበዛ ሌሎች፣ በተለይም ረዘም ረዘም ያሉት ላክቶባሲለሶች፣ ያሸንፋሉ፤ እርጎውም ጠንከር ብሎ ይኮመጥጣል። በከተማ ሱቅ ታሽጎ የሚሸጠው ዮገርት በ40 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሚረጋ ስለ ሆነ፣ መዓዛው በይበልጥ አሴታልዴሂድ ከተባለ ነገር የሚመጣ ነው፤ እርሱም እንዳልበሰለ ፍሬ ዓይነት ይሸታል። መጥፎ ነው አልልም። ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱን የለመደ ሰው ሌላውን ሲቀምስ ፊቱን ቢያጨማድድ አትፍረዱበት።

አሁን ወደ ቅሉ ልመለስ። አያቴ ቅሉን የሚያጥኑት በወይራ ነው፤ ወይራ ሲጠፋ በጥንጁት። ጭሱ ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ ይመስለኝ ነበር። ጭስ ግን ብዙ ጀርሞችን የሚያዳክሙ ነገሮች አሉበት። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ የዕቃው መታጠንና የሙቀቱ ልክ በእርጎ ላይ ምን እንደሚያደርጉ መርምረው በ1996 አሳትመዋል። እንግዲህ ቅሉ በጭስ ይጸዳል፤ ነገር ግን ፈጽሞ አይመክንም። በቀዳዳውና በሻካራው ግድግዳ ውስጥ ካለፈው እርጎ የተረፉት ባክቴሪያዎች ተደብቀው ይቈያሉ፤ አዲስ ወተት ሲመጣም ሥራቸውን ይጀምራሉ። አያቴ እርሾ ጨምረው አያውቁም፤ እርሾው ቅሉ ራሱ ነውና። እኔም በሳሙናና በፈላ ውሃ ያጠፋሁት ይህንን ነበር። ወተቱን ደግሞ አፈላሁት፤ በወተቱ ውስጥ የነበሩትም አለቁ። አገሩ ባዶ ሆነ። ነገር ግን አንዳንድ ባክቴሪያዎች እንደ ዘር ጠንካራ ቅርፊት አበጅተው የፈላ ውሃን እንኳ የሚችሉ አሉ። ተቀናቃኝ ሲያጡ እነዚህ ነቁና ፕሮቲኑን ይሰባብሩት ጀመር። ፕሮቲን እንዲህ ሲሰባበር ይመራል። የፋሲካችን ምሬት ከዚያ መጣ።

በዚህ ነገር ብቻዬን እንዳልሆንሁ ሳውቅ ጥቂት ተጽናናሁ። በዴንማርክ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ከላም ወደ ላም፣ ከላምም ወደ ሰው እንዳይተላለፍ ብለው ወተቱንና ክሬሙን ማሞቅ ጀመሩ። ነቀርሳው ሲጠፋ የቅቤውንም መዓዛ የሚሰጡት አብረው ጠፉ። በ1890 ገደማ ሽቶርክ የተባለው የዴንማርክ ምሁር ደኅና ባክቴሪያ ለይቶ አሳድጎ በሞቀው ክሬም ላይ እንዲጨመር አደረገ። እስከ 1919 ድረስ ግን አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻውን ሁሉን የሚሠራ ይመስላቸው ነበር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ፣ በዴንማርክና በሆላንድ ያሉ ምሁራን በየበኩላቸው አንድ ነገር ደረሱበት፤ በመልካም እርሾ ውስጥ ሁለት ወገን አለ፣ አንዱ ያኮመጥጣል፣ ሌላው መዓዛ ይሰጣል። እኔ በአንድ ቅል ያደረግሁትን እነርሱ በአገር ሙሉ ቅቤ አድርገውት ኖሯል!

አያቴም ሽቶርክን ሳያውቁት እንደ ሽቶርክ አደረጉ። ከፋሲካ በኋላ ቅሉን በወይራ አጥነው ከጎረቤት አንድ ስኒ እርጎ ለምነው አመጡና ከአዲሱ ወተት ጋር ጨመሩት። ረጋ፤ ኮመጠጠም፤ መዓዛ ግን አልነበረውም። እኔ «ይኸው ዳነ» አልሁ። እርሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የጎረቤታችን እርጎ ብዙ የቈየ ነበር። በጣም በኮመጠጠ እርጎ ውስጥ ሌውኮኖስቶኮች ብዙ አይቈዩም፤ አሲዱን የሚችሉት አኮምጣጮቹ ይቀራሉ። ይህን ያነበብሁት ዘግይቼ ነው፤ አያቴ ግን ሁለተኛ ሲለምኑ «ትናንት የረጋ ካላችሁ ስጡኝ» ነበር ያሉት። በሦስተኛው ሙሌት ቤቱ ሸተተ።

እንግዲህ አያቴ ልክ ነበሩ፤ እኔ ተሳስቻለሁ ብዬ ልጨርስ እችል ነበር። ነገር ግን እንዲህ ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን፣ ላም የሚያስወርደውንና ሰውን በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም የሚያንገላታውን በሽታ ሊያመጣ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ። የእርጎው አሲድ እነዚህን ያዳክማል፤ ያጠፋል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። በቤታችን ሕፃናት አሉ። ስለዚህ ወተቱን ማፍላቴ ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋቴ ካፈላሁ በኋላ ባዶውን መተዌ ነው። ለማፍላትም የአገራችን ከፍታ አያሰጋም። 3000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እነዚያን በሽታዎች ለማጥፋት ግን 63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም 72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ይበቃል።

ይህን ለአያቴ ባስረዳቸው ጊዜ ብዙ ተከራከርን። «የፈላ ወተት ሞቷል» አሉኝ። «እማማ፣ አንቱ አይደሉም እንዴ የሞተውን ቅል ያስነሡት?» አልኋቸው። ሳቁና «ለልጆቹ ይፍላ፤ ለእኔ ግን አትንካብኝ» አሉ። እስካሁን ድረስ ሁለት ቅል አለ። የእርሳቸውንም እንዲያፈሉት ልመናዬን አልተውሁም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የፕላስቲክ ጀሪካን ነው። ቀላል ነው፤ አይሰበርም፤ በገበያም ሞልቷል። እህቶቻችን በርቀት ወተት ሲሸከሙ ቅል ያዙ ብዬ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ጀሪካን በወይራ አይታጠንም፤ ይቀልጣላ። አፉም ጠባብ ስለ ሆነ እጅ አይገባበትም፤ ውስጡ ሲጫር በጭረቱ ውስጥ የሚደበቁት ደግሞ የምንፈልጋቸው አይደሉም። በመንደራችን ቅል የሚያጥኑ ቤቶች ዛሬ ከልጅነቴ ጊዜ ያነሡ ናቸው። የአንድ ቤት ቅል በተጣለ ቍጥር፣ እናት ለልጇ ስትሰጠው የኖረችው የባክቴሪያ ዘር አብሮት ይጣላል፤ ከሱቅ ገዝቶ የሚመልሰውም የለም።

አሁን በፊታችሁ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሦስት ብርጭቆዎች ተመልከቱ። ሦስቱም ከአንድ ላም፣ በአንድ ድስት የፈላ ወተት የያዙ ናቸው። በመጀመሪያው ላይ ምንም አልጨመርሁበትም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ፣ አያቴ ለዚህ በዓል ሲመጡ በትንሽ ቅል ካመጡት እርጎ አንዳንድ ማንኪያ ጨመርሁ፤ ይህም ከተፈላው ከልጆቹ ቅል የተቀዳ ነው። ሁለተኛውን ከትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ምድጃ አጠገብ አኖርሁት፤ በማግስቱ ጠዋት ረግቶ አገኘሁት። ሦስተኛውን ቴርሞሜትሩ 17 ዲግሪ በሚያሳይበት በላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ ተውሁት፤ እስኪረጋ ሁለት ቀን ፈጀ። ሰማያዊውን የሊትመስ ወረቀት በሁለቱም ውስጥ ብነክረው ቀይ ሆነ፤ ወረቀቱ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያውቅም። አፍንጫ ግን ያውቃል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ወቅቱም ፍስክ ስለ ሆነ፣ የወደደ ቀርቦ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይቅመስ። ማንኪያዎቹ ታጥበዋል። አንደኛውን ግን አሽትታችሁ ብቻ ተዉት፤ እኔ በ9ኛ ክፍል የቀመስሁት እርሱ ነው። አያቴ ከወላጆች መካከል በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ትናንት ማታ ሦስተኛውን ብርጭቆ አሽትተው «ገና ነው፤ ለነገ ይደርሳል» ብለውኝ ነበር።